የተገዛ ምስክር

በጉግል ላይ የመጀመሪያውን ተራ ለመያዝ ስለሚደረገው ትግል

በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር አንዲት ወይዘሮ ልብስ ለመግዛት ፈልጋ በጉግል ላይ «ቀሚስ» ብላ ብትጠይቅ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣላት ጄ. ሲ. ፔኒ የሚባለው መደብር ነበረ። «የአልጋ ልብስ» ብትልም ጄ. ሲ. ፔኒ፤ «ምንጣፍ» ብትልም ጄ. ሲ. ፔኒ፤ «የጠረጴዛ ልብስ» ብትልም ያው ጄ. ሲ. ፔኒ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «የሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ሻንጣውን ራሱ ከሚሠራው ከሳምሶናይት ኮምፓኒ በፊት ይህንኑ መደብር ማግኘቱ ነው።

መደብሩ ስም የሌለው አይደለም። ጄምስ ካሽ ፔኒ የተባለው ነጋዴ በ1902 በዋዮሚንግ ግዛት ኬመረር በምትባለው የከሰል ማዕድን ከተማ በአንዲት ሱቅ የጀመረው ንግድ ነው። የሱቅዋም ስም በወንጌል ያለውን ትእዛዝ እንዲያስታውስ «ወርቃማው ሕግ» ተብሎ ነበረ። በ2011 ከ1,000 የሚበልጡ ቅርንጫፎች ነበሩት። ይሁን እንጂ በዚያ ሰፊ አገር ቀሚስና ምንጣፍ የሚሸጥ እሱ ብቻ አይደለም። እንግዲያው በዚያ ሁሉ ዕቃ ላይ አንደኛ አድርጎ ያስቀመጠው ማን ነው?

ለመሆኑ አንደኛ በመሆንና አራተኛ ወይም አምስተኛ በመሆን መካከል ምን ያህል ልዩነት አለ? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቺቲካ የተባለ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ኮምፓኒ በ2010 ቈጥሮ እንደ ደረሰበት፥ ከጉግል ተነሥተው ወደ ሌላ ገጽ ከሚሻገሩት 100 ሰዎች 34ቱ የሚሄዱት መጀመሪያ ወደ ተጻፈው ነው። ሁለተኛው 17 ያህል ያገኛል፤ ከዚያ በታች ያሉት የተረፈውን ይቃመሳሉ። ወደ ሁለተኛው ገጽ የወረደ ነጋዴ ደግሞ ሱቁን ከዋናው መንገድ ርቆ በጓሮ እንደ ከፈተ ሰው ይቈጠራል። ዕቃው ምንም ጥሩ ቢሆን በደጁ የሚያልፍ የለም።

ከቃል ቈጠራ ወደ ምስክር ቈጠራ

ጉግል ሳይመጣ በፊት ሰዎች በኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉትን የሚያገኙት በ1995 እንደ ተከፈተው እንደ አልታቪስታ ባሉት መፈለጊያዎች ነበረ። የእነዚህም ዋና ዘዴያቸው ቃል መቍጠር ነው። አንድ ገጽ «ጫማ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ከያዘ፥ ይህ ገጽ ስለ ጫማ የሚናገር መሆን አለበት ብለው ወደ ላይ ያወጡታል። ነገሩ የዋህነት አለበት። ብልጣ ብልጦቹ ወዲያው ደረሱበትና በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም «ጫማ፥ ጫማ፥ ጫማ» እያሉ መቶ ጊዜ ይጽፉ ጀመር። አንባቢው ባዶ ቦታ ያያል፤ መፈለጊያው ግን ቃሉን እየቈጠረ ይመዘግባል። በዚህም ምክንያት ለጥናቱ መረጃ የሚሻው ተማሪ የቍማር ቤት ማስታወቂያ ይመጣለት ነበር።

በዚህ ጊዜ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑ የነበሩ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሌላ ሐሳብ አመጡ። ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ትተን ሌሎች ስለ እሱ የሚናገሩትን ብንሰማስ? አሉ። በኢንተርኔት ላይ አንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማያያዣ አለው፤ ብዙ ሰው ሊንክ የሚለው ነው። አንድ ጸሐፊ በገጹ ላይ ወደ ሌላ ሰው ገጽ የሚወስድ ማያያዣ ሲያኖር «ይህን እዩት፤ ይጠቅማችኋል» ብሎ መመስከሩ ነው። ስለዚህ ብዙ ምስክር ያለው ገጽ ከፍ ይበል፤ ምስክር የሌለው ዝቅ ይበል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ለተማሪ አንባቢዎቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥናት ጽሑፍ ግርጌ የሌላውን ሊቅ መጽሐፍ መጥቀስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታል። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ የትኛው የሳይንስ ጽሑፍ በየትኛው እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ታላቅ መዝገብ በ1964 በፊላዴልፊያ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ ክብደት አለው የሚለውን ልማድ ሁለቱ ወጣቶች ከመጻሕፍት ቤት አውጥተው ወደ ኢንተርኔት አዛወሩት።

ዳሩ ግን ምስክሩን መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ የምስክሩም ማንነት ይመዘናል። ስሌቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ 60 ነጥብ ክብር አለው እንበል። ወደ ሦስት ገጾች ብቻ ቢያመለክት ለያንዳንዳቸው 20 ያካፍላቸዋል። ወደ 60 ገጾች ቢያመለክት ግን ለያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 1 ነው፤ ለሁሉ የሚመሰክር ሰው ምስክርነቱ ይቀላልና። የተቀበሉትም በፈንታቸው ለሚያመለክቷቸው ያካፍላሉ። ሒሳቡ እንዲህ እየተመላለሰ ቍጥሩ የማይለወጥበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ያቆማል። በሌላም መንገድ ማስረዳት ይቻላል። ሥራ የፈታ አንድ ጸሐፊ በቢሮው ተቀምጦ ከገጽ ወደ ገጽ ይዘላል እንበል። (የዚህ ዓይነት ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤቱ ስለማይጠፋ ምሳሌው አይከብድም።) ከ100 ጊዜ 85ቱን ያገኘውን ማያያዣ ተከትሎ ይሄዳል፤ 15ቱን ጊዜ ግን ይሰለቸውና ወደ ማናቸውም ገጽ ብድግ ብሎ ያልፋል። ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲያደርግ ቢኖር ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚገኝበት ገጽ፥ እሱ የከበረው ገጽ ነው።

ይህን ስሌት በፔጅ ስም ፔጅራንክ አሉት። በ1998 ጉግል በኮምፓኒነት ተቋቋመ። የፈጠራውን መብት የያዘው ዩኒቨርሲቲው ስለ ነበረ፥ ስለ ፈቃዱ 1.8 ሚሊዮን የአክሲዮን ድርሻ ተቀብሎ በ2005 ሲሸጠው 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘበት። የተማሪ ሥራ ለትምህርት ቤቱ ይህን ያህል ያስገባበት ጊዜ ብዙ አይመስለኝም።

ምስክርነት ዋጋ ሲያወጣ

ምስክር በሚፈለግበት ደጃፍ ሁሉ ምስክርነቱን የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ጉግል በ2000 የያንዳንዱን ገጽ ክብር ከ0 እስከ 10 ባለው ቍጥር የሚያሳይ መለኪያ ለሕዝብ አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጽ ሁሉ ማዕርጉን በግንባሩ ለጥፎ የሚዞር ሆነ። ነጋዴውም ማዕርጉን እያየ ዋጋ ቈረጠለት፤ ባለ 7 ማያያዣ ከባለ 4 ማያያዣ እየተወደደ ተሸጠ። መለኪያውን ጉግል ከሕዝብ ዓይን ጨርሶ ያነሣው በ2016 ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ቀድሞውንም ባያወጣው ይሻል ነበር።

በኦክላሆማ ግዛት የነበረ ሰርችኪንግ የተባለ ኮምፓኒ ክብር ባላቸው ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባ ድለላ ከፍቶ ነበርና በ2002 የገዛ ገጹ ማዕርግ በድንገት ወረደ። ጉግልን ከሰሰ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2003 የሰጠው ፍርድ ተከታዩን ዘመን ሁሉ ነክቶታል፤ ደረጃ መስጠት የጉግል የራሱ አስተያየት ነው፥ አስተያየትን መናገር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ብሎ ክሱን ዘጋው። እንግዲህ ነጋዴው ከተራው ሲወርድ አቤት የሚልበት ቦታ ጠበበ።

የምስክር መግዣው መንገድ ብዙ ነው። አንዱ «አንተ ለእኔ መስክር፤ እኔም ለአንተ» የሚለው የልውውጥ መንገድ ነው። ሌላው ማንም የማያነባቸውን ብዙ ገጾች ሠርቶ ሁሉም ወደ አንድ ሱቅ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። ሰዎች አስተያየት በሚጽፉበት ቦታ ገብቶ በጫማ ስም ማያያዣ ጥሎ መሄድም ነበረ፤ ይህንን ለመግታት ጉግልና ተወዳዳሪዎቹ በ2005 «ይህ ማያያዣ እንደ ምስክርነት አይቈጠር» የሚል ምልክት አበጁ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሞቱ ስሞች ንግድ ነው። አንድ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ይበተንና የድረ ገጹን ስም ዓመታዊ ክፍያ መክፈል ይተዋል። ስሙ ነጻ ሲወጣ ደላላው ይገዛዋል። ለቀድሞው ማኅበር የመሰከሩለት ጋዜጦችና ቤተ መጻሕፍት ማያያዣቸው እንዳለ ነውና፥ በደግ ሰው ስም የተገኘው ክብር የክብደት መቀነሻ ክኒን መሸጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። ማስታወቂያ መግዛት ነውር አይደለም፤ ጉግልም የሚኖረው ማስታወቂያ በመሸጥ ነው። የተከለከለው ተከፍሎበት የተገኘውን ቃል በነጻ እንደ ተሰጠ ምስክርነት አስመስሎ ማቅረብ ነው።

2,015 ገጾች

ወደ መደብሩ ነገር እንመለስ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ዴቪድ ሲገል በጄ. ሲ. ፔኒ ዕድል ተደንቆ ለአንድ የሥራው ዐዋቂ «እስቲ የእነዚህን ምስክሮች ማንነት መርምርልኝ» አለው። ሰውየው ቈጥሮ 2,015 ገጾች አገኘ። ሁሉም «የራት ቀሚስ»፥ «ጥቁር ቀሚስ» እና ይህን የመሰለ ቃል ይዘው በቀጥታ ወደ መደብሩ የቀሚስ ገጽ የሚያመለክቱ ናቸው። ገጾቹ ግን ከቀሚስ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንዱ ስለ ኑክሌር ምሕንድስና፥ አንዱ ስለ ቍማር ቤት፥ አንዱ በቡልጋሪያ ስለሚሸጥ ቤትና መሬት ነበረ። ስለ ማንኮራፋት፥ ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ጥርስ ሐኪሞች የተጻፉም አሉበት። ብዙዎቹ ባለቤታቸው የተዋቸው ባዶ ቤቶች ነበሩ።

ጋዜጠኛው ያገኘውን ሁሉ ይዞ በጉግል የማጭበርበር መከላከያ ክፍል አለቃ ወደ ነበረው ወደ ማት ከትስ ዘንድ ሄደ። አለቃው ማስረጃውን አይቶ ሕግ መጣሱን አመነ። ከዚያም በፊት ሦስት ጊዜ በዚሁ መደብር ነገር ጥፋት ተገኝቶ እንደ ነበረ ተናገረ። ረቡዕ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2011 ማታ በአሜሪካ ሰዓት ከ7 በኋላ ቅጣቱ ተጀመረ። በ7 ሰዓት በሳምሶናይት ሻንጣ አንደኛ የነበረው መደብር ከሁለት ሰዓት በኋላ 71ኛ ሆነ። በሳሎን ዕቃ ከአንደኛ ወደ 68ኛ ወረደ። አንድም ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፥ አንድም የችሎት ቀጠሮ አልነበረም።

መደብሩ ይህ ሁሉ ያለ እኔ ዕውቀት የተደረገ ነው ብሎ ሥራውን ይሠራለት የነበረውን አማካሪ ድርጅት አሰናበተ። ማያያዣዎቹን ማን እንደ ገዛቸው እስከ መጨረሻው በግልጽ አልተነገረም። ቅጣቱ ሦስት ወር ያህል ቈይቶ መደብሩ ወደ ቀድሞው ተራ መመለስ ጀመረ። በታኅሣሥ በዓል፥ ማለት በአሜሪካ ገበያው ሁሉ በሚደራበት ወራት፥ አንደኛ ሆኖ ሸጦ፥ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወራት ተቀጣ። በዚያ የበዓል ገበያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ የቈየው ትንሽ የምንጣፍ ነጋዴ ካሳ የጠየቀበት ቦታ የለም፤ ማን ከማን እንደ በላበት እንኳ አያውቅም። ጉዳቱ በዚያ በኩል ነው።

በዚያው ወር ኦቨርስቶክ የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ ሌላ ዓይነት ብልኀት ሲሠራ ተያዘ። የዩኒቨርሲቲ ገጾች በጉግል ዘንድ ይታመናሉ ብሎ፥ በትምህርት ቤታቸው ገጽ ላይ ወደ ሱቁ ማያያዣ ላኖሩለት ለተማሪዎችና ለመምህራን ከዕቃው ዋጋ 10 በመቶ ይቀንስ ነበር። እሱም ከተራው ወረደ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኢንተርፍሎራ የተባለው የአበባ ሻጭ በየክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ ዜና መሰል ማስታወቂያ በብዛት አስወጥቶ ነበርና በፌብሩዋሪ 2013 ከጉግል ጠፋ። የገዛ ስሙን ጽፎ የሚፈልገው ሰው እንኳ አያገኘውም ነበር። 11 ቀን ያህል ቈይቶ የእናቶች ቀን ሳይደርስ ተመለሰ። ማስታወቂያውን ያወጡት ጋዜጦችም ማዕርጋቸው ዝቅ ተደርጎባቸዋል። ለፍርድ ያህል ይህንንም መጨመር ይገባል፤ በጃንዩዋሪ 2012 ጉግል ለራሱ ለክሮም ተከፍሎባቸው የተጻፉ ጽሑፎች ተገኝተውበት የክሮምን ገጽ ለ60 ቀን ያህል ከተራው አውርዶ ራሱን ቀጥቷል።

ሸሽቶ መመስከር

እስከዚህ ድረስ ቅጣቱ በእጅ የሚሰጥ ነበረ። ኤፕሪል 24 ቀን 2012 ጉግል ፔንግዊን ብሎ የሰየመውን ሥራ አወጣ፤ ይህም የሐሰት ምስክርን በሒሳብ ለይቶ የሚያወጣ ነው። በእንግሊዝኛ ከሚጠየቀው 100 ጥያቄ 3 ያህሉን ነካ። ሦስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ሦስት ውስጥ ለገባው ሰው ግን እንጀራው ነበረ። ትናንት ገንዘብ ከፍለው ማያያዣ የገዙ ሁሉ «እባካችሁ አንሡልን» እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። አንዳንድ ባለ ገጾችም ለማኖር የተቀበሉት ሳይበቃቸው ለማንሣት ሌላ ክፍያ ጠየቁ። በኦክቶበር 2012 ጉግል ባለቤቱ «እነዚህን ምስክሮች አላውቃቸውም» ብሎ የሚያስታውቅበት መዝገብ ከፈተ።

ከዚህም አንድ ጠማማ ነገር ተወለደ። የተገዛ ምስክር የሚያስቀጣ ከሆነ ለጠላቴ ገዝቼ ብልክለትስ? የሚል መጣ። ይህ ሥጋት ለብዙ ዓመት ባለ ሱቆችን እንቅልፍ ሲነሣ ቈየ። በሴፕቴምበር 2016 ፔንግዊን ሲታደስ ግን አሠራሩ ተለወጠ፤ የሐሰቱን ምስክር ቃሉን ወደ መጣል እንጂ የተመሰከረለትን ወደ መቅጣት አያዘነብልም። እስከ ዛሬ በአሠራሩ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ፍትሕ ያለበት ይህ ይመስለኛል። በእጅ የሚሰጠው ቅጣት ግን አልቀረም።

ለኛስ?

የድረ ገጽ ሥራ በኛም አገር በየመሥሪያ ቤቱ ለወጣቱ ጸሐፊ የሚሰጥ ሥራ ሆኗል፤ ስለዚህ ጥቂት ቃል እንጨምር። «በጉግል አንደኛ እናደርግዎታለን» የሚል ደብዳቤ በኢሜል ከመጣ፥ አንደኛ እንደሚያደርግ ዋስ መሆን የሚችል ማንም ሰው እንደሌለ ጉግል ራሱ በመመሪያው ጽፏል። ገንዘቡን ከመስጠት በፊት ይህን ማስታወስ ነው።

ደግሞም ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሥዕል ነውና መፈለጊያው እንደ ጽሑፍ ሊያነበው ይቸገራል፤ ቃሉን በጽሑፍ ማኖር ይሻላል። በፌስቡክ ላይ ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያም፥ ከዚያ የሚወጣው ማያያዣ ያ «አይቈጠር» የሚለው ምልክት ስላለበት፥ ለመሥሪያ ቤቱ ገጽ ምስክር አይሆነውም። ከዚያ ይልቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ጋዜጣ በራሱ ፈቃድ የሚጠቅሰው ሠንጠረዥ፥ መመሪያ ወይም የታሪክ ጽሑፍ በገጹ ላይ ቢኖር ብዙ ይረባል።

የአማርኛ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ፊደላችን በአንድ ድምፅ ሁለትና ሦስት ሆሄ ስላለው «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ጸሐይ» የሚል አለ፤ «ፀሀይ» የሚልም አለ። «ሥራ» እና «ስራ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር በመሠረቱ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ናቸው። ጸሐፊው የመምህሩን ፊደል አክብሮ ቢጽፍም፥ ፈላጊው እንዴት አድርጎ እንደሚጽፍ ማወቅና በገጹ ላይ በአንድ ቦታ ያንንም ማስገባት ይጠቅመዋል። ይህ የሐሰት ምስክር አይደለም፤ ለእንግዳ ሁለት በር መክፈት ነው።

የምስክር ገበያው ግን መልኩን እየለወጠ ቀጥሏል። በ2024 ጉግል ደግሞ ሌላ ደንብ አወጣ። ብዙ የታወቁ ጋዜጦችና መጽሔቶች ከገጻቸው አንዱን ክፍል ለቅናሽ ኩፖን ሻጮችና ለመሰል ነጋዴዎች ያከራዩ ነበር፤ ነጋዴው በጋዜጣው ስም ክብር ወደ ላይ ይወጣል፥ ጋዜጣውም ኪራይ ይቀበላል። ጉግል ይህን «የስም ብልሹ አጠቃቀም» ብሎ በሜይ 2024 መቅጣት ጀመረ። ጋዜጦቹም በበኩላቸው ይህ ሕጋዊ የገቢ ምንጫችን ነው፥ ማን ዳኛ አደረገህ? ብለው ጮኹ። በኖቬምበር 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን አቤቱታውን ተቀብሎ በጉግል ላይ ምርመራ ከፈተ። በ2011 የመደብሩን ምስክሮች ቈጥሮ ያወጣው ጋዜጣ ነበረ፤ አሁን በተራቸው ስለ ኪራያቸው የሚጠየቁትም፥ ከሳሽ ሆነው የቆሙትም ጋዜጦች ናቸው።